ገጹን የሚወስነው ማን ነው?

ለወረቀት የተሰናዳ ገጽ እንዳለ ቢወሰድ ለድረ ገጽም ይበቃል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን የሁለቱ ጠባይ እጅግ የተለያየ ነው።

መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ የሚያሰናዳ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ልኩ በታወቀ ወረቀት ላይ ነው። ለምሳሌ በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ኤ4 የተባለው ወረቀት ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ነው። አሰናጁ ኅዳጉን ይለካል፤ ዓምዱን ይከፍላል፤ ፊደሉን ይመርጣል፤ ሥዕሉንም ከቦታው ያኖራል። ማተሚያው ከዞረ በኋላ ሺሁም ቅጂ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢው ሊለውጠው አይችልም።

የድረ ገጽ ነገር ሌላ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቫ አጠገብ ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ በ1991 ለሕዝብ ሲከፍተው፣ ጽሑፉ በልዩ ልዩ ዓይነት ኮምፒዩተር ሁሉ እንዲነበብ አስቦ ነበር። ስለዚህም አሰናጁ የሚልከው ጽሑፉንና የአቀማመጡን መመሪያ ብቻ ነው፤ ገጹን ሠርቶ የሚጨርሰው በአንባቢው እጅ ያለው መሣሪያ ነው። አንዱ በሰፊ መስኮት ያየዋል፤ ሌላው በመዳፉ በያዘው ስልክ፤ ዓይኑ የደከመው ፊደሉን ያጎላል፤ ዓይነ ስውሩም በድምፅ ያስነብበዋል። ኢታን ማርኮት የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ ገጹ እንደ መስኮቱ ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ሰጥቶ ካስረዳ ወዲህ አሠራሩ በየአገሩ ተለምዷል።

ይህ ጉዳይ የእኛን ፊደል በተለይ ይነካዋል። ለኅትመት ፊደሉ በማተሚያ ቤቱ ከተገኘ ይበቃል፤ ለድረ ገጽ ግን የአንባቢውም መሣሪያ ፊደሉን ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ በጻፈበት ዘዴ ሌላው ማንበብ ስለሚቸግረው፣ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ መለጠፍ አንዱ መላ ነበር።

ችግሩ በአብዛኛው ተቃሎ ሳለ ልማዱ ግን አልቀረም። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ባለ ስልኩ አንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል፤ በቃል ፈልጎ ሊያገኘው የሚሞክር ያጣዋል፤ ለዓይነ ስውሩ የሚያነብለት መሣሪያም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያው ወጥቶ ሳለ የመመዝገቢያው ቀን ያመልጠዋል ማለት ነው።

ይህን ማለት ወረቀትን መናቅ አይደለም። ወረቀት ያለ መብራት ይነበባል፤ ለማስረጃም ጸንቶ ይቀመጣል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ቃሉ ግን በፊደል ተጽፎ በድረ ገጹ ይውጣ። በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ የያዙ ወጣቶች ገጹን ለሕዝብ ከመልቀቃቸው በፊት በትንሽ ስልክ ከፍተው፣ ፊደሉን አጉልተው፣ አንድ ቃልም ፈልገው ቢሞክሩት ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።