አዲስ ሞተር ሲገራ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ኪሎ ሜትሮች

አርሶ አደር ወይፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንበር ሲያስለምድ ሙሉ ቀን አያሳርሰውም፤ ከቀንበር ሥር አቁሞም አያውለውም። ከሠለጠነ በሬ ጋር አጣምዶ ጥቂት ትልም ያስኬደዋል፣ ያሳርፈዋል፣ በማግሥቱ ትንሽ ይጨምርለታል። አዲስ ሞተር የሚፈልገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተያዘበት አያያዝ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚኖረውን ጉልበት፣ የሚፈጀውን ነዳጅና የሚበላውን ዘይት ይወስናል። አሽከርካሪዎችና መካኒኮች ይህን የማለማመጃ ጊዜ «ሮዳጅ» ይሉታል።

ጉዳዩ የአዲስ አውቶሞቢል ገዥዎች ብቻ አይደለም። ለመስኖ የተገዛ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ በብድር የተወሰደ ባጃጅ፣ በማኅበር የተገዛ ትራክተር፣ ሞተሩ ወርዶ የታደሰ አሮጌ ፒካፕ ሁሉም በዚህ ወቅት ያልፋሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለው የነዳጅ መኪና በቀላሉ የሚተካ ንብረት አልሆነም። ስለዚህ አንድ ሞተር ያለ ዕድሜው እንዳያረጅ መጠንቀቅ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

የአዲስ ሲሊንደር ግድግዳ በዓይን ሲታይ ልስልስ ይመስላል። በእውነቱ ግን ሆን ተብሎ እርስ በርሳቸው በሚቆራረጡ ረቂቅ መስመሮች የተፋቀ ነው። በፒስተኑ ዙሪያ የሚገቡት ፋሻዎች በዚህ ግድግዳ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋሉ፣ ከታች የሚረጨው ዘይት ደግሞ ወደ ላይ እንዳያልፍ ይጠርጋሉ።

አዲስ ፋሻ ግድግዳውን በሁሉም ቦታ እኩል አይነካም። የሁለቱ ገጽታዎች ረቂቅ ጉብታዎች እየተፋተጉ ጫፋቸው ሲስተካከል ፋሻው ከግድግዳው ጋር ይገጥማል፤ በመስመሮቹ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ደግሞ ግድግዳውን ያለሰልሳል። ይህ መግጠም የሚሆነው በዋናነት ሞተሩ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚጫነው የራሱ ስፕሪንግነት ብቻ አይደለም። ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህ ግፊት የሚበረታው ደግሞ ሞተሩ ሥራ ሲሠራ ነው። ስለሆነም አዲስ ሞተርን «እንዳይጎዳ» ብሎ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ ማቆየት ጥቅም የለውም፤ ይልቁንም ጉዳት አለው። ፋሻው በቂ ግፊት ስለማያገኝ ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፤ ያለፈው ዘይት በግድግዳው ላይ ተቃጥሎ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ልባስ ይሠራል። ልባሱ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ ፋሻው ከእንግዲህ መግጠም ይሳነዋል። አስተማማኙ መፍትሔም ሞተሩን ፈትቶ ግድግዳውን እንደገና ማስፋቅ ነው።

የዚህ ተቃራኒም ጎጂ ነው። ገና ያልገጠሙ ክፍሎች በጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሚነካኩ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጠራል። ሞተሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ጭነትና በሙሉ ዙር ከሠራ የዘይቱ ሽፋን ይቀደዳል፤ ፒስተኑና ግድግዳው ይላላጣሉ። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፦ መጠነኛ ጭነት፣ የሚለዋወጥ ዙር፣ በቂ ዕረፍት።

መኪናና ባጃጅ

የአምራቾች መመሪያ መጻሕፍት በዝርዝር ቢለያዩም በመሠረቱ ይስማማሉ። ለምሳሌ ብዙዎቹ የቶዮታ መመሪያዎች በመጀመሪያዎቹ 300 ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትሮች ተሳቢ እንዳይጎተት፣ በመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት እንዳይነዳ፣ ነዳጅ በድንገት እንዳይረገጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሳይቀያየር እንዳይነዳና ለረጅም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እንዳይኬድ ያዝዛሉ። 1000 ኪሎ ሜትር ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ያህል ርቀት ነው።

በአንድ ፍጥነት መሄድ የሚከለከልበት ምክንያት ቀላል ነው። ዙሩ ከፍና ዝቅ ሲል በፋሻው ላይ ያለው ግፊት ይለዋወጣል። ፍጥነት ሲጨመር ፋሻው ይጫናል፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ደግሞ ግድግዳው ዘይት አግኝቶ ይቀዘቅዛል።

የአገራችን መልክዐ ምድር በዚህ ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሞተር እንግዲህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ተነጥቆ ነው የሚሠራው። በቆላ «መጠነኛ» የሆነ ጭነት በደጋ ከባድ ይሆንበታል ማለት ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የዓባይ በረሃ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ መንገድ፣ ጭነት ለያዘ አዲስ ሞተር ብርቱ ፈተና ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ማለማመጃው እስኪያልቅ ማዘግየት፣ የግድ ከሆነም በቀላል ጭነት፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ በሚጎትትበት ማርሽ፣ የሙቀት መለኪያውን እያዩ መውጣት ይገባል። በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ሞተሩ እያቃሰተ እንዲወጣ ማስገደድም ከከፍተኛ ዙር ያላነሰ ይጎዳል።

ለባጃጅና ለሞተር ሳይክልም ሕጉ ያው ነው። በብዙዎቹ መመሪያ የመጀመሪያው ሰርቪስ የሚደረገው ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዕዳ ለመክፈል የሚጣደፍ ባለንብረት ይህን ርቀት በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል። በእነዚያ ቀናት ከተፈቀደው በላይ ተሳፋሪ መጫን የቀኑን ገቢ ቢጨምርም የሞተሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

የውኃ መሳቢያ ሞተርና ትራክተር

ለመስኖ የሚያገለግሉ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ዘይት የላቸውም። ገዥው ከማስነሣቱ በፊት ሞተሩን በደልዳላ ቦታ አስቀምጦ በመመሪያው የተጻፈውን ዓይነትና መጠን ዘይት መሙላት አለበት። ይህን ዘንግቶ ማስነሣት ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያበላሸው ይችላል። ሌላው ጥንቃቄ ውኃውን ይመለከታል፤ ፓምፑ በውኃ ሳይሞላ ለሙከራ ማስነሣት የውስጥ ጎሚኒውን ያቃጥላል። መሥራቱን በገበያ ማየት የሚፈልግ ገዥ በባልዲ ውኃ ሞልቶ መሞከር ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞተሩን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ በሚሆን ነዳጅ፣ ዙሩን አልፎ አልፎ እየለዋወጡ ውኃ እንዲስብ ማድረግ ተገቢ ነው። በስፋት የታወቁት የሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች መመሪያ የመጀመሪያው ዘይት በመጀመሪያው ወር ወይም በ20 የሥራ ሰዓት እንዲቀየር ያዝዛል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይወስናል። ከዚያ በኋላ ቅያሪው በየ6 ወሩ ወይም በየ100 ሰዓቱ ነው። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮ ስለሌላቸው በማለማመጃ ጊዜ የተፋቀው ረቂቅ ብረት ዘይቱ እስኪቀየር ድረስ በውስጣቸው ይዞራል። የመጀመሪያው ቅያሪ የማይዘለለው ለዚህ ነው። ሽንኩርት ወይም ስንዴ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት የሚቆም ሞተር ከራሱ ዋጋ በላይ ያስከፍላል።

በትራክተር ላይ ርቀቱ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። በብዙዎቹ መመሪያ የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት የማለማመጃ ጊዜ ናቸው። በዚህ ጊዜ እርሻው መሠራት ይችላል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ እርሻን፣ የደረቀ ጥቁር አፈርንና ከባድ ተሳቢን ማቆየት ይመረጣል። በ50ኛው ሰዓት ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ የጎማ ብሎኖችና ቺንጊያዎችም ዳግም ይጠብቃሉ።

ታድሶ የተመለሰ ሞተር

ወርዶ አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር እንደ አዲስ ይቆጠራል። እንዲያውም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ በፋብሪካ የሚደረግለትን ፍተሻ አላገኘምና። ከመነሣቱ በፊት ነዳጁ ተቋርጦ በሞተሪኖ ብቻ እየዞረ የዘይት ግፊት እንዲፈጠር ማድረግ ደረቅ ብረት ከደረቅ ብረት እንዳይፋተግ ይረዳል። ከተነሣ በኋላ ዘይት ወይም ውኃ አለማፍሰሱ ይታያል። ከዚያም ጋራዥ ውስጥ በሚኒሞ እያጓራ እንዲያድር ማድረግ ሳይሆን፣ ሞቆ እንደበቃ በመንገድ ላይ በመጠነኛ ጭነት ማስኬድ ነው የሚገባው። በመመሪያው ከታዘዘ የቴስታታው ብሎኖች በተባለው ጊዜ እንደገና ይጠብቃሉ።

ዘይት፣ አቧራና ምልክቶች

በየዕለቱ ሞተሩ እንደተነሣ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ቆይቶ በዝግታ መንቀሳቀስ ይበቃል፤ ሙሉ ጉልበት የሚጠየቀው ሙቀቱ ሲስተካከል ነው። በማለማመጃው ጊዜ የዘይቱ መጠን ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር መለካት አለበት። አዲስ ሞተር በዚህ ወቅት ትንሽ ዘይት ቢቀንስ አያስደነግጥም። የተሻለ ይሆናል ብሎ ከታዘዘው የወፈረ ዘይት መሙላት ግን አይጠቅምም፤ ወፍራም ዘይት ወደ ጠባብ ክፍሎች ፈጥኖ አይደርስም። የአየር ማጣሪያውም መዘንጋት የለበትም። በጥርጊያ መንገድና በማሳ ላይ የሚነሣው አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

የመጀመሪያው ዘይት ሲፈስስ በውስጡ እንደ ዱቄት የደቀቀ የሚያብለጨልጭ ብረት መታየቱ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ዳግም ሳይነሣ ለባለሙያ መታየት አለበት። ማለማመጃው ካለቀ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ፣ በየሳምንቱ ዘይት ማስጨመርና ጧት ጧት አልነሣም ማለት ፋሻው ላለመግጠሙ ምልክቶች ናቸው። የዋስትና ጊዜው ሳያልፍ ለሻጩ ማሳወቅ የሚቻለው ደግሞ የተሠራበት ሰዓት ወይም ኪሎ ሜትር፣ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ደረሰኙ በአንድ ደብተር ተይዘው ሲገኙ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ፒስተንም ፋሻም የሌለው ሞተር ስላላቸው ይህ ሥርዓት አይመለከታቸውም። አዲስ የፍሬን ሸራና አዲስ ጎማ ግን በእነርሱም መኪና ላይ አሉ። የፍሬን ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪገጥም፣ ጎማውም ከፋብሪካ የያዘው ልስላሴ እስኪለቅ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ጠብቆ በዝግታ መንዳት ይኖርባቸዋል።