የዲማ ምድር ከአፋፍ እስከ ወለል

በእነማይ አገር፣ ከብቸና ከተማ አጠገብ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ስሙ የገነነው በትምህርቱ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ስለ ሆነም፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማን ስም ቅኔ ቤት ረግጦ ለማያውቀው አንባቢ ሁሉ አድርሶታል። ሊቃውንቱን ያስጠለለው፣ ተማሪውንም በቁራሽ እንጀራ ያሳደገው ምድር ግን ራሱ ከምን እንደ ተፈጠረ ሲጠየቅ አይሰማም፤ ስለዚህ ከደብሩ ደጅ ተነሥተን፣ እርሻውን አቋርጠን፣ እስከ ዓባይ ወለል ድረስ እንውረድ።

መጀመሪያ የምንረግጠው መረሬውን ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና ንቃቃቱን ደፍኖ የተረፈውን ከላዩ ያቁራል። የአገሩ ገበሬ ይህን ጠባዩን ከአባቱ ተምሮ ስለሚያውቅ ማሳውን በፈሰስ እያጠነፈፈ ጤፉን ዝናቡ ከጠና በኋላ ይዘራል፤ ሽምብራውንና ጓያውን ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያበቅላል። የብቸናና የደጀን ነጭ ጤፍ በገበያ የተመሰገነው በዚህ አፈርና በዚህ ጥበብ ነው።

የመረሬው ወላጅ ባለሙያዎች ባዛልት የሚሉት ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በረዣዥም ስንጥቆች ተከፍታ፣ የቀለጠው ዐለት እንደ ጎርፍ እየፈሰሰ፣ አንዱ ሲበርድ ሌላው እየተደረበበት፣ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባበረ፤ ከዚያም ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ላይ ሌላ እሳተ ገሞራ ተነሥቶ ጮቄን ሠራ። ዛሬ ጅባራና ጓሳ ለብሶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ውርጭ የሚያድርበትን ይህን ተራራ የእሳት ልጅ ነው ቢሉት ተመልካቹ ለማመን ይቸገራል፤ የሙጋና የሱሃ ወንዞችን ወደ ዓባይ የሚሰደው ግን እርሱ ነው።

ከባዛልቱ በታች ያለውን ለማየት ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያሻግረውን፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ጠመዝማዛ መንገድ የመሰለ የለም። ጥቁሩ ድንጋይ እንዳለቀ የኖራ ድንጋይ ይተካል፤ በውስጡም ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የባሕር ዛጎል አለ፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ ሁሉ አገር ባሕር ነበረና። ወረድ ሲሉ ጥልቀት ያልነበረው ባሕር በፀሐይ እየተነነ የተወው ጀሶ ከሸክላማ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ ይታያል፤ ከዚያም በታች ባሕሩ ሳይመጣ ወንዞች ያከማቹት ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ዓባይ ግን ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ ያንሳል፤ ደጋው ወደ ላይ እየተነሣ እርሱ ወደ ታች እየቆረጠ፣ 1,500 ሜትር ገደማ የሚጠልቀውን ይህን ገደል የከፈተው እነዚያ ሁሉ ተነባብረው ካበቁ በኋላ ነው።

ስለ ድንጋዮቹ ስም አንድ ነገር ልጨምር። የአሸዋው ድንጋይ በአዲግራት፣ የኖራው ድንጋይ በአንታሎ ስም የሚጠራው፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው የእንግሊዝ ዘመቻ ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ብላንፎርድ አስቀድሞ በትግራይ ስላያቸው ነው። ጀሶ ያለበት መካከለኛው ክፍል ግን ጎሐ ጽዮን ተብሏል፤ የጽዮን ንጋት ማለት ነውና ከፀሐይ ለተወለደ ድንጋይ ከዚህ የሚስማማ ስም አላውቅለትም።

ከጀሶው ጋር የሚፈራረቀው ሸክላማ ድንጋይና ከላይ የተናደው ፍርስራሽ በክረምት ውሃ ሲጠግብ ከሥሩ ይንሸራተታል፤ መንገዱም በየጊዜው የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚህ ምክንያት ነው። በደጋው ላይ ግን ጥፋቱ ድምፅ የለውም። ማሳውን ከውሃ የሚያድነው ፈሰስ፣ ተዳፋት ላይ ሲሆን ቦይ ይሆናል፣ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል፤ በነሐሴ ዓባይን የሚያደፈርሰው ይህ አፈር ነው። ከጎጃም ተጠርጎ ዘመናት ሙሉ የግብፅን ሜዳ ሲያለመልም ኖሮ፣ በ1962 ዓ.ም. የተፈጸመው የአስዋን ግድብ መንገዱን ቈረጠበት፤ ዛሬ ደግሞ ከአገሩ ሳይወጣ፣ ጉባ ላይ፣ የሕዳሴው ግድብ በፈጠረው በንጋት ሐይቅ ወለል እየዘቀጠ ይቀራል።