«ይቻላቸዋል» እና «ኮንሴንቴ»፦ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በታሪክ ትምህርት ክፍል

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይችላሉ»፣ በኢጣልያንኛው «አለባቸው» እንደሚል ተማሪዎች ሰምተው ወደ ክፍል ይገባሉ። ሰነዱ ራሱ ሲነበብ ግን ከሁለቱ ቃላት አንዱም በዚህ መልክ አይገኝም። የአማርኛው ግስ «ይቻላቸዋል» ነው። የኢጣልያንኛው ደግሞ «ኮንሴንቴ»፣ ማለትም «ይስማማል፣ ፈቃዱን ይሰጣል»። ግዴታን በቀጥታ የሚገልጸው «ዴቬ» በአንቀጹ የለም።

ይህ ማለት ልዩነቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ከሚነገረው ይልቅ ጥልቅ ነው እንጂ። በ«ይቻላቸዋል» ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የግሱ ሰዋስዋዊ ባለቤት አይደሉም፤ በአክብሮት ተሳቢ ቅጥያው «-ኣቸው» ተጠቅሰዋል፤ የሚቻለው ነገር የመላላኩ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ አንድ በር ክፍት መሆኑን ይናገራል፤ ይግቡበት አይግቡበት ለእርሳቸው የተተወ ነው። በ«ኮንሴንቴ» ግን ንጉሠ ነገሥቱ አድራጊ ናቸው። መስማማት ደግሞ በውል ጽሑፍ ውስጥ ሲውል በፊርማው የሚፈጸም ድርጊት ነውና የተስማማውን ያስራል። ግዴታው የመጣው ከቃሉ ፍቺ ብቻ ሳይሆን ከጽሑፉ ዓይነት ጭምር ነው። በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. የክሪስፒ መንግሥት የ1885ቱን የበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ጠቅሶ ለኃያላን መንግሥታት ማስታወቂያ ሲልክ የተመረኮዘው በዚህ ንባብ ላይ ነበር።

ለመምህሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ተማሪ ኢጣልያንኛ ስለማያነብ የሚቀርብለት ትርጉም ነው፤ ተርጓሚው «አለባቸው» ብሎ ከጻፈ የክፍሉ ክርክር ሳይጀመር አልቋል። የተሻለው መንገድ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ኢጣልያንኛውን ቃል በቃል መፍታት፣ የግሱን ቦታ ግን ባዶ ትቶ የመዝገበ ቃላቱን ፍቺዎች ብቻ መስጠት ነው። ተማሪው የመረጠውን ቃል በምን ማስረጃ እንደመረጠ ይጠየቃል። ቀኑም ቢሆን ለዝርዝር ንባብ ይጠቅማል፦ ሚያዝያ 25 በዛሬው ማመሳከሪያ ሜይ 3 ላይ ይውላል፤ ውሉ የተፈረመው ግን ሜይ 2 ነው። 1900 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የካቲቱ 29 ቀን ስላልነበረው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል።

ከአንቀጹ ቀጥሎ መነበብ ያለበት ምኒልክ በመስከረም 1890 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ኡምቤርቶ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱን ጽሑፎች አመሳክረው አለመስማማታቸውን ራሳቸው ያስረዳሉ፤ ተማሪው በክፍል የሞከረውን ሥራ ባለጉዳዩ አስቀድሞ ሠርቶት ያገኘዋል።

አንዳንድ መምህራን የአማርኛው ቅጂ ዋናው፣ ሌላው ትርጉም ነው ብለው ጉዳዩን ይዘጉታል። 19ኛው አንቀጽ ይህን አይፈቅድም፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል የታመኑ መሆናቸውን ይደነግጋልና። ስቬን ሩቤንሰን በ1964፣ ካርሎ ጂሊዮ በ1965 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሔት ላይ የተከራከሩበት ይኸው አንቀጽ 17 ነው፤ የሁለቱ ጽሑፎች ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሊሰጡ የሚገባቸው ግን ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ንባብ ጽፈው ካስረከቡ በኋላ ነው።