«ድምፁን ከፍ አድርገው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ድምፁን ከፍ አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ጉላትንና ቅጥነትን፣ በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ልዩነቱን ለማየት ባለ አንድ ጭራውን ማሲንቆ መመልከት ይበቃል። አዝማሪው ደጋኑን ጠበቅ አድርጎ ሲስብ ጭራው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝበት ስፋት ይጨምራል፤ በቆዳ የተለበጠው ሳጥንም አየሩን በኃይል ይገፋዋል፤ ድምፁ ይጎላል። ጣቶቹን ወደ ሳጥኑ ዝቅ ሲያደርግ ግን የሚርገበገበው የጭራ ክፍል ያጥራል፤ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ ማለትም ድግግሞሹ፣ ይጨምራል፤ ድምፁ ይቀጥናል። እጁ ወረደ፣ ድምፁ «ወጣ»። ርዝመቱ በግማሽ ቢያጥር 220 ሄርዝ የነበረው ወደ 440 ይደርሳል፤ ሙዚቀኞች ኦክታቭ የሚሉት ይህን ነው።

«ከአነጋገሩ እንግባባ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለሬዲዮ እውነት ነው፤ መዘምራን ለሚያሠለጥን ግን አይበቃም። «ከፍ በሉ» ሲል ግማሹ ይጮኻል፣ ግማሹ ድምፁን ያቀጥናል። «ቀጭን ድምፅ ይበልጥ ይሰማል» የሚል ሙግትም አለ። ጆሯችን ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ላለው ድምፅ ይበልጥ ንቁ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይህ ግን የጆሮ ጠባይ እንጂ የሞገዱ አይደለም። ቀጭኑም ወፍራሙም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባይሆን ኖሮ ከሩቅ ስንሰማ ዋሽንቱና ከበሮው ተቀዳድመው በደረሱን ነበር። አማርኛችን «ቀጭን»፣ «ወፍራም»፣ «ጎላ ያለ»፣ «ለስላሳ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ እያንዳንዱን በቦታው እንጠቀምበት።