ስለ ድሬዳዋ ዛፍ አተካከልና አያያዝ

ክረምት ሳይገባ፥ በግንቦት ወር ወደ አዳማና ወደ መተሐራ የሚወርድ መንገደኛ፥ ምድሩ ደርቆ ሳለ በየግቢው እንደ ፍም የቀላ አበባ ያያል። ይህም የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ነው፤ ትውልዱ ግን ከማዳጋስካር ደሴት ነው። ውርጭ አይችልምና ደጋ የምትገዙ ሹማምንት ባትደክሙበት ይሻላል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ብትሆንም ይስማማታል።

የዘሩ ልባስ ጽኑ ስለ ሆነ፥ የፈላ ውሃ አፍስሶበት አንድ ሌሊት ነክሮ ማሳደር ያስፈልጋል። ችግኙ በሐምሌ ይተከል፤ እስከ መስከረም ዝናሙ ያሳድገዋል። የሚገድለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው በጋ ነው። ስለዚህ ሁለት በጋ በማታ በማታ ማጠጣት፥ ግርጌውን ገለባ ማልበስ (ገለባው ግን ግንዱን አይንካ፤ ምስጥ ይጠራል)፥ ከፍየልም በእሾህ ማጠር ይገባል።

ዋናው ነገር ግን ቦታው ነው። ሥሩ ወደ ታች ከመጥለቅ ይልቅ በአፈሩ ፊት ይዘረጋል፤ ጥላውም እጅግ ይሰፋል። እኔ ራሴ ጥላውን ተመኝቼ ከቤቴ ግድግዳ 4 እርምጃ ላይ ተክዬው ነበር። ጥቂት ዓመት በአበባው ደስ ከተሰኘሁ በኋላ ሥሩ መሠረቱን ስለ ሰነጠቀ፥ እያዘንሁ አስቈረጥሁት። ከቤት፥ ከግንብ አጥርና ከውሃ ቧንቧ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ አለበት። ግቢው የጠበበበት ሰው በአጥሩ ላይ ቡገንቪሊያ ቢያሳድግ ይበቃዋል።

በመሥሪያ ቤት ግቢና በመንገድ ዳር የሚያስተክሉ ሹማምንትም፥ ጉድጓዱ ሳይቈፈር ራሳቸው ቦታውን ረግጠው ያስለኩ።