የአንድ በሽታ ሐኪም ቤት፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የፊስቱላ ሆስፒታል አመራር

መግቢያ

አንድ ሐኪም ቤት ሁሉንም በሽታ ቢያክም ይሻላል ወይስ አንዱን ብቻ? የአስተዳደርም ሆነ የሕክምና ትምህርት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በየበኩላቸው ሲያነሡት እንሰማለን። እኛም በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ምሳሌ ለመመርመር አስበናል። ምሳሌያችን የአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ነው፤ እርሱንም ከባለቤታቸው ጋራ አቋቁመው ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም በግንባር ቀደምትነት የመሩት ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

1. የበሽታው ጠባይ

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ነገር ግን የሕፃኑ ራስ ከእናቲቱ ዳሌ የሰፋ እንደ ሆነ፥ ወይም አመጣጡ የተጣመመ እንደ ሆነ፥ ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ለስላሳውን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋራ አጣብቆ ይይዘዋል። የተጨመቀው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል፤ ከጥቂት ቀኖች በኋላም ተቆርሶ ሲወድቅ በሽንት ፊኛና በሕፃኑ መውጫ መንገድ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ቀዳዳው በዓይነ ምድር በኩልም የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቋጠር የማትችል ሆና ትቀራለች።

ጉዳቱ በሥጋ ብቻ አይቀርም። ከሽታው የተነሣ ባል ይርቃታል፤ እርሷም ከማኅበርና ከቤተ ክርስቲያን፥ ከለቅሶና ከሠርግ ራሷን ታገላለች። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ቀላል ነው፤ ምጡ እንደ ተጣበቀ የሚያውቅ አዋላጅና በጊዜው የሚያደርስ መንገድ አለመኖሩ ነው።

ነገሩን ከአስተዳደር በኩል ብንመለከተው ይህች በሽተኛ ለማንኛውም ሐኪም ቤት የማትመች ናት። ገንዘብ የላትምና ለትርፍ የቆመው አይፈልጋትም። ጠቅላላው ሆስፒታል ደግሞ ነፍስ የሚያሳጣ አጣዳፊ ሕመም በመጣ ቁጥር «የእርሷስ ዛሬ አይገድላትም» በማለት ተራዋን ለነገ ያስተላልፈዋል። ነገ ግን ሌላ አጣዳፊ አለ። ለዚህች ሴት ብቻ የሚቆም ቤት ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

2. አመሠራረቱ

ካትሪን ሐምሊን በ1924 በሲድኒ ከተማ ተወልደው በዚያው በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን ተምረው በ1946 ተመረቁ። በ1959 ከባለቤታቸው ከኒውዚላንዳዊው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጋራ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር። ሥራቸውም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ሆስፒታሉ በስማቸው የተጠራላቸው ልዕልት ፀሐይ በለንደን የነርስነትን ሙያ የተማሩ ሲሆኑ፥ በ1942 በነቀምቴ ከእርግዝና በመጣ ችግር ያረፉ ናቸው። ከንጉሥ ቤት የተወለደችውንም ያልማረ አደጋ በሩቅ መንደር ያለችውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ባልና ሚስቱ ይህን ጉዳት በአገራቸው አላዩትም ነበር፤ የሠለጠነ አዋላጅና በቀዶ ጥገና ማዋለድ በተስፋፋበት አገር ፊስቱላ ብርቅ ሆኗልና። ስለዚህ ቀዳዳውን መስፋት ከመጻሕፍትና የግብፁን ፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝን ከመሰሉ ሊቃውንት ጽሑፍ መማር ነበረባቸው። አንዲቱ ድና ወደ መንደሯ ስትመለስ ወሬው ሌሎችን እየጠራ የበሽተኞቹ ቁጥር በየዓመቱ በዛ። በ1974ም ለዚህ በሽታ ብቻ የተለየውን ሆስፒታል አቋቋሙ። የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ ሆነ ማለት ነው። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ሲሞቱ ዶክተር ካትሪን የ69 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ወደ አገራቸው በመግባት ፈንታ ሥራውን ለማስፋት ተነሡ። ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ አምስት ቅርንጫፎች ተከፈቱ።

3. አሠራሩ

ሀ) አንዱን ሥራ መደጋገም። ቀዶ ጥገናው ጥንቃቄን እንጂ ብዙ መሣሪያን አይጠይቅም። ድኅነቱ ግን በቢላዋው ብቻ አይፈጸምም። ስፌቱ እስኪጠና ድረስ፥ ይኸውም ሁለት ሳምንት ያህል፥ ፊኛው በቀጭን ቱቦ አማካይነት ዘወትር ባዶ መሆን አለበት። ቱቦው ተዘግቶ ሽንቱ ቢጠራቀም ስፌቱ ሊበጠስ፥ የሐኪሙም ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ ቱቦውን የሚመለከት አስታማሚ ከሐኪሙ የማይተናነስ ዋጋ አለው። በጠቅላላ ሆስፒታል ይህ ከብዙ ሥራዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ቤት ግን ዋናው ሥራ ነው።

ለ) በሽተኛዋን ባለሙያ ማድረግ። ለዚህ ጥንቃቄ ችግሩን በራሷ ላይ ካየችው ሴት የተሻለ ማን ይገኛል? ሆስፒታሉ ከዳኑት መካከል ብዙዎቹን አስታማሚዎች አድርጎ ቀጠረ። ከእነዚህ የሚታወቁት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከረዥም ምጥ በኋላ በበሽተኛነት የመጡት እኚህ ሴት ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። በመጀመሪያ አልጋ አነጠፉ፤ ቀጥሎም መሣሪያ አቀበሉ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ጥገናውን ተምረው ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለነቀፌታ ነበር የሚነገረው፤ እዚህ ላይ ግን ለምስጋና ይሆናል። የዚህን ነገር ክብደት ለማየት ከታሪክ ጋራ ማነጻጸር ይበቃል። አሜሪካዊው ማርዮን ሲምስ በ1840ዎቹ በአላባማ ይህን ቀዶ ጥገና ያሻሻለው በባርነት በተያዙ ሴቶች ገላ ላይ ያለ ማደንዘዣ እየደጋገመ በመሞከር ነበር። በአዲስ አበባ ግን ታካሚዋ የሙከራ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ የሙያው ባለቤት ሆነች።

ሐ) ገንዘብ። ሕክምናው በነፃ ስለሚሰጥ ወጪውን የሚሸፍነው ከፍ ያለው ክፍል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ርዳታ ነው። ዶክተር ካትሪን ቀን በቀዶ ጥገና ክፍል ቢውሉም ገንዘብ ለማሰባሰብ በየአገሩ መዞር የአመራራቸው ክፍል ነበር። በ2004 በአሜሪካ በኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ ብዙ ርዳታ ተገኘ። በዚህ ላይ የሚነሣውን ነቀፌታ ማለፍ አይገባንም። በአንዲት ሴት ስምና በሩቅ ሰጪዎች ርኅራኄ ላይ የቆመ ቤት መሠረቱ ሊናወጥ ይችላል። ነቀፌታው እውነት አለው፤ ሆኖም ነቃፊዎቹ ልብ ያላሉት ሌላ ነገር ደግሞ አለ።

4. የዚህ ቤት ትርፉ ምንድን ነው?

ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ ሕክምና ያገኙት ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በልጦ ነበር። አንድ ነጋዴ የደንበኞቹ ቁጥር ሲጨምር ደስ ይለዋል። በዚህ ሆስፒታል ግን እያንዳንዱ በሽተኛ አስቀድሞ ያልደረሰ አዋላጅ ምስክር ነው፤ ስለዚህ የበሽተኛው መብዛት የአገር ኪሳራ ይሆናል።

ዶክተር ካትሪን ይህን የተረዱ መሆናቸውን የሚያሳየን በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ ከገጠር ተመርጠው አራት ዓመት ይማራሉ፤ ከተመረቁም በኋላ በየመጡበት ክፍለ ሀገር በጤና ጣቢያ ያገለግላሉ። በ1959 ለማስተማር የመጡት ሐኪም ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ መጀመሪያው ሐሳባቸው ተመለሱ ማለት ነው። በአገሪቱ በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ድርጅት የሚወለደው ሕፃን በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 26፥ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ይህ የብዙ መሥሪያ ቤቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ውጤት እንጂ የአንድ ኮሌጅ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ግማሽ የሚሆነው ወሊድ ገና በቤት እንደ ነበረ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ አንዱን በሽታ ብቻ የሚያክም ቤት የሚያስፈልገው ጠቅላላው ሆስፒታል ዘወትር ለነገ የሚያስተላልፈው በሽተኛ ሲኖር ነው። መልካም መሪም የቤቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን ቤቱ የማያስፈልግበትን ቀን ጭምር ያስባል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ሹም ወይም ሐኪም የምንሆን እኛ ተማሪዎች የምንመራውን ሥራ በዚህ ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል። የፊስቱላ ሆስፒታል አልጋዎች በሽተኛ ጠፍቶ ባዶ የቀሩ ዕለት የቤቱ ሥራ ተፈጸመ እንጂ ወደቀ አይባልም።