አሮጌ አድራሻና የአርዲቦ ዓሣ

እንደሚታወቀው ከአርዲቦ ሐይቅ በማለዳ የወጣ ዓሣ ገዢን ብዙ አይጠብቅም። በሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ ዓሣ አስረካቢ የደሴ ሆቴሎችን ትእዛዝ በኮምፒዩተር ይቀበላል እንበል፤ የትእዛዝ መዝገቡንም በቅርቡ ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውሯል። የሆቴሉ ኮምፒዩተር ግን የመዝገቡ ስም ሲጠራለት አሁንም የቀድሞውን የቁጥር አድራሻ ይዞ ይሄዳል። አሮጌው ሰርቨርም ገና ስላልተዘጋ ትእዛዙን በትሕትና ተቀብሎ ያስቀምጣል። ላኪው ልኬአለሁ ይላል፤ አስረካቢው አልደረሰኝም ይላል፤ በመካከሉ ዓሣው ይበላሻል። መስመሩ ፈጽሞ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ወዲያው ይታወቅ ነበርና።

የኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር ቀድሞ በአንድ ሰነድ ተጽፎ፣ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በበዙ ጊዜ ሰነዱ አልበቃ ስላለ፣ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስ የተባለውን፣ ለብዙ ሰርቨሮች የተከፋፈለውን የስም መዝገብ አቀረበ። የጥንቱ ሰነድ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሆስትስ በሚባል ፋይል በየዩኒክስ ኮምፒዩተሩ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ እንደ ተለመደውም አሠራር ከዲኤንኤስ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ከዓመታት በፊት «ለጊዜው» ብሎ የጻፋት አንዲት መስመር የታረመውን መዝገብ ሁሉ ትሽራለች። የቀድሞው ጸሐፊ በሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎት የሄደው የስልክ ቁጥርም ሥራው እንዲሁ ነው።

በመሆኑም ባለሙያው በሁለት መንገድ ይጠይቅ። ዲግ የተባለው መሣሪያ ዲኤንኤስን በቀጥታ ይጠይቃል፤ ጌትኤንት ግን ሆስትስን ጨምሮ ኮምፒዩተሩ ራሱ በሚከተለው ተራ ይጠይቃል። ዲግ አዲሱን፣ ጌትኤንት አሮጌውን ቢመልሱ ጥፋቱ በቤት ውስጥ ነው፤ ሆስትስን ማረም፣ ኤንኤስሲዲ የተባለው ስም አስታዋሽ ፕሮግራም ካለም የያዘውን ማስጣል ነው። ሁለቱም አዲሱን እየመለሱ ትእዛዙ ወደ አሮጌው ቢሄድ፣ ላኪው ፕሮግራም ሲነሣ የያዘውን አልለቀቀ ይሆናልና ዘግቶ መክፈት ይገባል። ዲግም ራሱ አሮጌውን ቢመልስ ግን፣ አስረካቢው በዲኤንኤስ ያለውን አድራሻ ማሳረሙ ይጠየቅ። ታርሞ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ሰርቨር የያዘው የመቆያ ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው።

ይህ ጊዜ በሰከንድ ይጻፋል፤ 86400 ቢባል አንድ ሙሉ ቀን ነው። አስረካቢው ከዝውውሩ ከአንድ ቀን በላይ አስቀድሞ ወደ 300 ቢያስወርደው ጥበቃው ወደ 5 ደቂቃ ባጠረ ነበር። አሁን ግን አሮጌው ሰርቨር ትእዛዝ መቀበሉን ያቁም፤ በውስጡ የቀሩትም ትእዛዞች ዛሬውኑ ተለቅመው ወደ አዲሱ መዝገብ ይግቡ።